የሰፈር ልጆች ቲያትር ሲሠሩ የማንን ቃል ነው ሚናገሩት?

የሰፈር ልጆች ሰብስበን ቲያትር እንደምንሠራ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ «ከነሱ ውስጥ አርቲስት ሚወጣው አለ?» ይለኛል። ቀጥሎ ደግሞ «የቲያትሩ መልዕክት ምንድነው?» ይላል። ሰዎቹ በቅንነት እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፣ ግን ሁለቱም ጥያቄ ላይ የምለው አለኝና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለ ወጣቶች ቲያትር ሚያስበውና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማየው ነገር በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልሰው። አዎ ትወና ላይ ጎበዝ የሆኑ ልጆች አሉ፣ አንዷ ወይ አንዱ ወደፊት በሙያው ይቀጥሉ ይሆናል፣ ደስ ይለኛል። ግን ክበቡ የቆመው ለሱ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሚዘምር ልጅ ሁሉ ዘማሪ ሆኖ ካሴት ካላወጣ ተብሎ አይጠየቅም አይደል? ልጆቹ ራሳቸው ስትጠይቋቸው ሚሰጧችሁ መልስ ሌላ ነው፣ አንዱ «እዚህ ስመጣ ሰው ያዳምጠኛል» ይላል፣ አንዷ «ቤት ውስጥ ማልጠይቀውን ጥያቄ እዚህ ካራክተሬ ይጠይቅልኛል» ብላኛለች። እኔ ለክበቡ መኖር ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልፈልግም።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ብዙ ሚያስወራኝ። ወደሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ልጆቹ ትንሽ ልንገራችሁ።

ክበቡ የተጀመረው ካዛንቺስ ነው። ትንንሾቹ 8ኛ ክፍል ናቸው፣ ትልልቆቹ ኮሌጅ የገቡና ሥራ የጀመሩ ናቸው፣ እዛው ሰፈር ተወልደው እዛው አብረው ያደጉ ልጆች። ከዛ በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ቤተሰቦቻቸው በየአቅጣጫው ሄዱ፣ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ አቃቂ፣ አንዳንዱ ዘመድ ቤት ተጠግቶ። በአንድ ጥሪ ሚሰበሰቡ የነበሩ ልጆች አሁን ለመገናኘት ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ነበረባቸው። ክበቡ አበቃለት ያለ ሰው ብዙ ነበር። እነሱ ግን ቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱና «ቅዳሜ የት ነው ምንገናኘው?» ሚል ክርክር ጀመሩ፣ ለሁሉም እኩል ሚቀርብ ቦታ ስለሌለ ለሁሉም እኩል ሚርቅ ተመረጠ፣ መሀል ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ፈቀደልን፣ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን መሀሉን መድረክ እናደርጋለን። ቀደም ብሎ ሚደርሰው ሁሌ ከሩቅ ሚመጣው ነው፣ ይሄን ሁሌ ነው ማየው።

ቲያትር ክበብ ሲባል ሰው ሚመስለው ሁሉም ሚተውን ነው። እኛ ጋ ግማሹ መድረክ ላይ አይወጣም፣ መውጣትም አይፈልግም። አንዷ ልጅ ደብተር ይዛ ማን ከየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ ኩባያው በየትኛው እጅ ነበር እያለች ትመዘግባለች፣ እሷ ባትኖር ሁለተኛው ትዕይንት ላይ እቃው የት እንዳለ ሚያውቅ ሰው የለም፣ ዝም ያለች ልጅ ናት ግን «ቁሚ፣ ነጠላሽን ረስተሻል» ስትል ሁሉም ይታዘዛታል። ስልክ ጥገና ሚሠራ ልጅ አለ፣ ሪቻርጀብል አምፖሎችን ፈታቶ ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጥሞ የመድረክ መብራት አድርጎልናል፣ መብራት በጠፋ ቀን ሳይቀር ልምምዳችን አይቋረጥም። አንዷ ደግሞ ልብስ ትፈልጋለች፣ ከእናቶች ሳጥን የድሮ ቀሚስ፣ ካባ፣ የወታደር ኮት ምናምን እየለመነች ታመጣለች፣ ስትመልስ አጥባ ተኩሳ ነው፣ ለዛ ነው ማንም ማይከለክላት።

ልምምድ ላይ ስለ ድምፅ ብዙ እንሠራለን። ጀማሪ ሲባል ድምፅ ማነስ ብቻ ነው ችግሩ ተብሎ ይታሰባል፣ ጩህ ይባላል፣ ይጮኻል፣ ግን አሁንም አይሰማም። ምን መሰላችሁ፣ አማርኛ ላይ ግሱ ሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ የጀማሪ ትንፋሽ ደግሞ ሚያልቀው ልክ እዛው መጨረሻ ላይ ነው። «ልጅቷን ትናንት ማታ እዛ በር ላይ» እስከሚለው ድረስ ኩልል ብሎ ይሰማል፣ ከዛ ይዋጣል፣ አያት ይሁን መታት ይሁን ጠበቃት ይሁን ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያውቅም። ታሪኩ በሙሉ ያለው እዛች ቃል ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ኋላ ግድግዳው ጋ እናስቀምጣለን፣ ሥራው የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ ካልሰማ እጁን ማንሳት ብቻ ነው፣ ተዋናዩ እጁን ሲያይ ደግሞ ይለዋል። ይሄ ነገር ከመድረክ ውጪም እንደሚሠራ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ፣ ክፍል ውስጥ መልስ ሲመልሱ እስከ መጨረሻው እንደሚሉት።

ድርሰት ደግሞ እንዲህ ነው ሚወጣው። መጀመሪያ ወረቀት የለም። አንድ ሁኔታ እንሰጣቸዋለን፣ ለምሳሌ «አንቺ አከራይ ነሽ፣ አንተ ሁለት ወር ያልከፈልክ ተከራይ ነህ፣ በሩ ላይ ተገናኛችሁ»፣ ከዛ ዝም ብለው ይጫወቱታል፣ አንድ ስልክ ጥግ ላይ ይቀርጻል። በኋላ ቁጭ ብለን እናዳምጠዋለን፣ የቱ ጋ እውነት ነበር፣ የቱ ጋ ቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሰማኸውን ነው ያልከው እያልን። ጽሑፍ ሚወዱት ልጆች ጥሩ ጥሩውን ከቅጂው ይገለብጣሉ፣ ሳምንት ይዘውት ይመጣሉ፣ ከዛ እንደገና ተነቦ ይቆረጣል። ረጅም መንገድ ነው ግን መጨረሻ ላይ ያለው ቃለ ተውኔት የነሱ አማርኛ ነው፣ ሰው ቤት ውስጥ ሚናገረው።

አሁን ወደ «መልዕክቱ ምንድነው» ልምጣ።

እኔ የፀረ ኤድስ ክበብ ዘመን ልጅ ነኝ። ያኔ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው አዳራሽ ወጣት መድረክ ላይ ሚወጣው በዛ ክበብ በኩል ነበር፣ እኔም ነጭ ጋውን ለብሼ ሀኪም ሆኜ ተጫውቻለሁ። ለነዛ ክበቦች ትልቅ ክብር አለኝ፣ ስለ ጉዳዩ በግልጽ ማውራት ነውር በነበረበት ሰዓት ልጆች ቆመው ያወሩት እዛ ነው፣ ዛሬ በሙያው ላይ ካሉት ውስጥም መጀመሪያ ጭብጨባ የሰሙት እዛ የሆኑ አሉ። ግን ታሪኩ ምንጊዜም አንድ ነበር፣ ጥሩ ልጅ በጓደኛ ግፊት ይሳሳታል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፣ እናት ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰልፎ መፈክሩን ይላል። ሰው ያለቅስ ነበር፣ ግን አዳራሹ ውስጥ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ተቀምጦ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር፣ እሱ መድረኩ ላይ ያየው ራሱን ሳይሆን የቀብሩን ቀን ብቻ ነው። ቃሉ የኛ ቢሆን ኖሮ ይሄንን እንጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ጎረቤታችን ነበርና። ቃሉ ግን ተጽፎ ነው የመጣው፣ እኛ አድራሾች ነበርን።

ይሄ ነገር ደግሞ በኛ ዘመን አልተጀመረም። ሀገራችን ላይ ቲያትር ከድሮም ከወጣት ጋር የተያያዘ ነው። እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ቲያትር ሲያዘጋጁ መድረክ ላይ ያወጡት ተማሪዎቻቸውን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ነበር ቲያትር ቤቱ። በ1927 ሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ጦርነት በር ላይ ነበር፣ መድረኩ ሕዝብ መቀስቀሻ ሆነ፣ ያንን ማንም አይነቅፍም፣ ሀገር ልትወረር ነበርና። በደርግ ጊዜ ደግሞ የኪነት ቡድን ያልነበረው ቀበሌ ስንት ነው? በየከፍተኛው፣ በየአውራጃው ወጣቱ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ አጫጭር ድራማ ይሠራል፣ ከነዛ ኪነቶች የወጡ ድንቅ ሰዎች እስከዛሬ አሉ፣ ግን ቃሉ የአብዮቱ ቃል ነበር። ከዛ የጤና መልዕክት፣ ከዛ የልማት መልዕክት መጣ። ዘመን ይቀያየራል፣ ወጣቱ ጉልበቱንና ድምፁን ያመጣል፣ ሚናገረውን ግን ሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ሚገርመኝ ነገር መነሻችን ላይ ያለው ሥራ እንዲህ አልነበረም። በ1910ዎቹ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የአውሬዎች ታሪክ ነው፣ በእንስሳት አስመስሎ የጊዜውን አስተዳደር ሚተች፣ መኳንንቱ ፊት ቀርቦ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ታገደ። መፈክር ተብሎ አይታገድም፣ ጥያቄ ስለሆነ ነው የታገደው። እኔ እንደማስበው የመድረክ ታሪካችንን ከዚህ ጫፍ ብንይዘው ለወጣቶች ሚሰጠን ፈቃድ ሌላ ነበር።

ታዲያ የካዛንቺስ ልጆች ምን ይዘው መጡ? እድር።

በእውነት እኔ አልጠበቅሁትም። ስለ ፍቅር ይሆናል፣ ስለ ስደት ይሆናል ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን ከሰፈር ሲነሱ ቤት ውስጥ በየማታው ሚሰሙት ጭቅጭቅ ሌላ ነው፣ የእድሩ ድንኳን ማን ጋ ይሁን? ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚው፣ ባንክ ያለው ብር? አባላቱ ሦስት ቦታ ሄደዋል፣ ገላን ጉራ ያለው ሰው ቢሞትበት ቦሌ አራብሳ ያለው እንዴት ነው ሌሊት ሚደርሰው? ይሄ በየቤቱ ያለ ትክክለኛ ጭንቀት ነው፣ ትልልቆቹ ሲያወሩት ልጆቹ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር ማለት ነው። ከዛ ተከፋፍለው ጥያቄ ይዘው ሰው ቤት ሄዱ፣ አንዱ ሰብሳቢውን፣ አንዷ ገንዘብ ያዧን፣ አንዱ ጡሩምባ ነፊውን ጠየቀ።

ጡሩምባ ነፊውን የጠየቀው ልጅ ይዞት የመጣው ነገር የቲያትሩ ልብ ሆነ። «ጋሼ አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ለምን አይደውሉም?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ስልክ የተደወለለት ሰው ብቻ ነው ሚሰማው ልጄ፣ ጡሩምባ ግን የተኳረፈውም ይሰማዋል» ይሉታል። የተኳረፈ ጎረቤት አይደወልለትም፣ ጡሩምባ ከሰማ ግን አልሰማሁም ማለት አይችልም፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል፣ እዛው ለቅሶው ላይ ይታረቃሉ። ልጁ ይሄንን ሲነግረን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ፣ ከዛ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ስክሪፕቱ ላይ ሰውዬው በለሊቱ 11 ሰዓት ጡሩምባውን ይዞ ኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ይቆማል፣ አምስት ፎቅ ነው፣ በየብሎኩ አባላቱ የቱ መስኮት ውስጥ እንደተኙ አያውቅም፣ ጥበቃው መጥቶ «አባባ ሰው ተኝቷል እኮ» ይለዋል። ይሄን ትዕይንት ማንም ትልቅ ሰው አልጻፈላቸውም።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ፎረም ቲያትር ሚባለውን ነው የተጠቀምነው። ይሄንን ያመጣው አውጉስቶ ቦአል ሚባል ብራዚላዊ ነው። በፈረንጆቹ 1973 አካባቢ ፔሩ ውስጥ የማንበብና መጻፍ ዘመቻ ላይ ሲሠራ የሰዎችን ችግር በድራማ ያሳይና መፍትሔ ሲደርስ አቁሞ ተመልካቹን «ምን ታድርግ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ የተባለውን ተዋናዮቹ ይጫወቱታል። አንድ ቀን የአንዲት ሴት ታሪክ ሆነ፣ ባሏ ቤት እየሠራሁልሽ ነው እያለ በየጊዜው ብር ይወስዳል፣ ደረሰኝ ነው ብሎ ወረቀት ይሰጣታል፣ ማንበብ ስለማትችል ታስቀምጣለች፣ ጎረቤቷ ስታነብላት ወረቀቱ የሌላ ሴት የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ተመልካቹ ብዙ ሐሳብ ሰጠ፣ አንዲት ሴትዮ ግን «በደንብ ትናገረው» ትላለች፣ ተዋናይዋ ትናገረዋለች፣ ሴትዮዋ «እንደሱ አይደለም» ትላለች፣ ደግመው ይሠሩታል፣ «አይደለም» ትላለች። መጨረሻ ላይ ቦአል ራስሽ ነይና አሳዪን አላት፣ ወጣች፣ ባልየውን የሚጫወተውን ሰው በመጥረጊያ አሳምራ ገረፈችው፣ ከዛ ይቅር አለችውና ምግብ እንዲያመጣላት አዘዘችው። ተዋናይ በሰው ፋንታ የተናገረው ነገር ሰውየው ራሱ ሲያደርገው ከሚሆነው ጋር አንድ እንዳልሆነ የገባው ያኔ ነው ይባላል። በኋላ ሪዮ ዲ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት ተመርጦ ሲገባ በዚሁ መንገድ ከሰፈር ሰፈር ቲያትር እያሠራ ከሕዝቡ የወጡ ሐሳቦችን ወደ ሕግ አቀረበ፣ 13ቱ ጸድቀዋል። ሀገራችን ላይም አዲስ ነገር አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1996 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር ከጎዳናና ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶችን ለዓመታት ሲያሠለጥን ከዳንሱ ጎን ፎረም ቲያትርም ይሠሩ ነበር፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች ሚደንሱበት ቡድንም ነበራቸው። እንዲህ ያለ ልምድ እዚሁ ከተማ ላይ እያለን ስለ ወጣቶች ቲያትር ስናወራ ሁሌ ከዜሮ እንደጀመርን ማስመሰላችን ያሳዝነኛል።

የእድሩን ቲያትር አንዱ ልጃችን ቤተሰቡ አሁን የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሙናል ውስጥ አቀረብነው። ሕፃናት ፊት ለፊት መሬት ላይ፣ እናቶች ወንበር ላይ፣ ወንዶቹ እንደልማዳቸው በር ላይ ቆመው። ታሪኩ እስከሚከርበት ድረስ ሄደ፣ ገንዘብ ያዧ መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሦስት ሰው ከሦስት ቦታ ድንኳኑን ይገባኛል እያለ፣ እዛ ላይ ቆመ። አጋፋሪዋ ልጅ (እኛ ጆከር ነው ምንላት) ወጣችና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች።

ዝምታው ረጅም ነበር፣ ልጅቷ ግን አልተሸበረችም፣ ዝምታውን እንድትጠብቀው ልምምድ ላይ ሠርተንበታል። ከበሩ ጋ አንድ ሰውዬ «ይሸጥና ብሩን መካፈል ነው» አሉ። «ይምጡና ይሞክሩት» አለቻቸው። መጡ፣ መዝገቡን ተቀበሉ፣ ሸጥኩት አሉ። ልጆቹ ከካራክተራቸው ሳይወጡ «ታዲያ ነገ ሲሞትብን በስንት ነው ድንኳን ምንከራየው?» ብለው ያዟቸው፣ አንዷ ደግሞ «ብሩን የተካፈለው አባቴ ነው፣ አባቴ ሲሞት ማን ይመጣል?» አለች፣ ይሄ ስክሪፕት ላይ የለም፣ እዛው ነው የመጣላት። ሰውየው መልሰው መዝገቡን ሰጧት፣ «እኔም እኮ አላሰብኩትም ነበር» ብለው ወረዱ፣ ተጨበጨበላቸው።

ከዛ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ድንኳኑን ለማንም አልሰጡም፣ መጀመሪያ የጠየቁት «ከናንተ ውስጥ መኪና ያለው ማነው?» ብለው ነው። ከዛ እየጠቆሙ ሥራ ማከፋፈል ጀመሩ፣ ከየቦታው አንድ አንድ ተጠሪ ይመረጥ፣ ተጠሪው የስልክ ዝርዝር ይያዝ፣ ሌሊት ሞት ከሆነ ቅርብ ያለው ይድረስ፣ የሩቁ ለቀብር ይድረስ፣ ድንኳኑ ደግሞ ጭነት ለሚቀለው ይሁን። አንድ አባት ከወንበራቸው ሳይነሱ «ቀብር ብቻ ደርሶ መመለስ እድር ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ፣ ክርክሩ ጦፈ፣ ልጆቹ ራሳቸው መድረክ ላይ መሆናቸውን ረስተው ያዳምጣሉ። እኚሁ እናት መጨረሻ ላይ ጡሩምባ ነፊውን ሚጫወተውን ልጅ አዩትና «አንተ ደግሞ ንፋ፣ ጥበቃው ይልመደው» አሉት። ነፋው። ኮሪደሩ ላይ በሮች ሲከፈቱ ተሰማ፣ ቲያትር መኖሩን ያላወቁ ሰዎች ማን ሞተ ብለው ወጥተው ነበር፣ ልጆቹ ሮጠው ይቅርታ ጠይቀው አስረድተው ከነሱም ውስጥ ገብተው የተቀመጡ አሉ።

መልዕክቱ ምን ነበር? እኔ አላውቅም ማለት አይደለም፣ አንድ አልነበረም። የተከራከሩት አባትና እናት ሳይስማሙ ነው የወጡት፣ ግን ጉዳዩን በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ እንደሚያነሱት እየተነጋገሩ ነው የሄዱት፣ ልጆቹም በስብሰባው ላይ እንዲገኙ ተጋበዙ። 10ኛ ክፍል የሆነ ልጅ እድር ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሲጠየቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ድርጅት ስፖንሰር ላድርጋችሁ ብሎ የመጣው። ባነር፣ ቲሸርት፣ የትራንስፖርት ብር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ነበረ። የጠየቀው ነገር ሁለት ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም ተስማምቶ ይታቀፍ፣ ከዛ ደግሞ የድርጅቱን መልዕክት አንድ ካራክተር ይናገር። ልጆቹን ሰብስበን ነገርናቸው፣ እኛ ትልልቆቹ ከክፍሉ ወጣን፣ እነሱ ብቻቸውን ተወያዩ። እምቢ አሉ። የትራንስፖርት ብር ለነሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከሁሉም በላይ ሚያስቸግረን ወጪ እሱ ነው፣ እያወቁት ነው እምቢ ያሉት። ምክንያታቸውን አንዷ ስታስረዳ «እነዛ እናት መጥተው መድረኩ ላይ ያሉት ነገር የት ሊገባ ነው?» አለች። እኔ በዛ ቀን የተሰማኝን ኩራት እዚህ መግለጽ አልችልም።

ስለ ሴት ልጆች ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ድሮ የሴት ገጸ ባሕርይ ሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፣ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ሲወጡ ስንት ነገር ተብለዋል። ዛሬም ቢሆን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ሚል እናት አለ፣ «ከማን ጋር ነው ምታመሺው?» ሚል ወንድም አለ። ይሄን በስብከት መፍታት አይቻልም፣ እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፣ ልምምድ 10 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ የመጣ ይምጣ፣ ሩቅ ያለችው ልጅ ሳይመሽ ቤቷ ትድረስ። ከዛ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ልጅቷ ምን እየሠራች እንደሆነ እንነግራለን፣ ልምምድ በማንኛውም ቀን ሳታሳውቁ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ እንላለን፣ ይመጣሉም። አንዷ እናት ልታረጋግጥ መጥታ የአለቃቀስ ሥርዓቱን አሳስታችኋል ብላ እዛው አስተካክላልን ሄዳለች። አሁን ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዛሉ።

እንዲህ ዓይነት ክበብ መጀመር ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ አዳራሽ ፍለጋ አትሂዱ። አዳራሽ የሰጠ ሰው ሁሉ በዓል ሲደርስ ዝግጅት ይጠይቃል፣ ልጆቹ የራሳቸውን ሥራ ትተው የሌላ ሰው በዓል ሲያደምቁ ዓመቱ ያልቃል። አንድ የመማሪያ ክፍል ይበቃል፣ ግቢም ይበቃል። ስክሪፕት ገዝታችሁ ወይ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትስጧቸው፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን የራሳቸውን ይሥሩ። ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ ሚጨፍር፣ እንቁጣጣሽ ላይ አበባየሆሽ እያለች በየበሩ ምትዞር ልጅ ተመልካች ፊት መቆም ከድሮም ታውቃለች፣ ግጥም በሰው ልክ መቀያየር ታውቃለች፣ ከዛ ነው መጀመር። ማን ይምራ ሚለውንም በየቲያትሩ አቀያይሩት፣ አንዴ አዘጋጅ የሆነች ልጅ በሚቀጥለው ተዋናይ ስትሆን ማዳመጥ ታውቃለች።

አሁን እየሠሩ ያሉት ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ማለፊያውን ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ ከክበባችን ልጆች ውስጥ በነዛ ዓመታት የተፈተኑ አሉ፣ ታላላቅ ወንድምና እህቶቻቸው የተፈተኑባቸውም ብዙ ናቸው። ቲያትሩ ውጤት በተለቀቀበት ማታ አንድ ቤት ውስጥ ነው ሚካሄደው፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎ ስልኩ በየእጁ እየዞረ። እስካሁን ያልተስማሙበት ነገር አባትየው ቤት ውስጥ ይኑር ወይስ ሥራ ላይ ሆኖ እየደወለ ይጠይቅ ሚለው ነው፣ ሁለት ቡድን ሆነው ሁለቱንም ጽፈዋል፣ ቅዳሜ ሁለቱም ይነበባሉ። ያን ማታ ያሳለፋችሁ፣ ተፈታኝም ሁኑ ወላጅ፣ ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን እንዳለ የምታስታውሱ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እንደጻፋችሁት ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።